በሁዳዴ የሸተተው ዓሣ

ዘንድሮ በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ቤታችን ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ። ለልጄ ለመሠረት ነገርኳት። የደንበኛዋን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች ነበርና ቀና እንኳ ሳትል፣ "እማዬ፣ አንቺ ሕማማት በገባ ቁጥር ዓሣ ይሸትሻል። ያ የዓሣው ሰውዬሽ ትዝ ብሎሽ ነው" አለችኝ። ምን ብዬ ልከራከር? እውነቷን ነው። ይህ ሳምንት ሲመጣ አፍንጫዬ ወደ ኋላ ይሄድብኛል። አምናም ሸትቶኝ ግድግዳ ለግድግዳ እየዳበስኩ ስዞር ካስክ ሥር ፀጉራቸውን የሚያደርቁት ሴቶች ሳቁብኝ፤ ምንም አልተገኘም። ስለዚህ ዘንድሮ አፌን ይዤ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ገባሁና የልጅ ልጄ የማህሌት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ማህሌት ገና ድክ ድክ የምትል ናት፤ ቁርሷን በልታ ተኝታለች። አልጋዋ ከተጠጋበት ግድግዳ ወዲያ ማዶ ፀጉር ቤቱ ነው፤ ካስኮቹ ሲያጉረመርሙ እዚህ ድረስ ይሰማል። የኮረንቲው ሽቦ የሚያልፈውም በዚሁ ግድግዳ ውስጥ ነው። በእኔ በኩል ዳበስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። በእነሱ በኩል ትልቁ መስታወት ተሰቅሎበታል፤ በደንበኛ ፊት እሱን ማን ያስነካኛል?

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ይህን ቤት ከሟቹ ባለቤቴ ጋር ስንሠራው ሽቦ የሳብነው ለአምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ብለን ነው። ሌላ ምን ነበረንና! መሠረት የፊቱን ክፍል ፀጉር ቤት ስታደርገው ካስኮቹ ገቡ፣ የውሃ ማሞቂያ ገባ፣ የፀጉር መተኮሻ ገባ፣ ፍሪጅ ገባ፤ ሽቦው ግን ያው የጥንቱ ነው። በሩ አጠገብ ባለችው ሳጥን ውስጥ ብሬከር የሚሉት አለ፣ ጣት የምታህል ጥቁር ምላስ ያለው። ዕቃው ሁሉ አንድ ላይ ሲነሳና ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ቀጭ ብሎ ይወርዳል፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። ከጎኑ ደግሞ ሳልቫቪታ የሚሉት ነበረ። እሱ ኮረንቲው መንገዱን ስቶ ወደ ሰው ገላ ወይም ወደ እርጥብ ግድግዳ ሲያመልጥ ወዲያው ያጠፋዋል፤ ሰው እንዳይሞት ተብሎ የተሠራ ነው። ደግ ነገር ነው። ግን ክረምት ሲገባና ግድግዳችን እርጥበት ሲጠጣ በሆነው ባልሆነው ያኮርፋል።

እና አስመርረውን ነበር፤ አልዋሽም። አንዴ በጥር አንዲት ሙሽራ ጭንቅላቷን ቀለም ተቀብታ ተቀምጣ ሳለ ብሬከሩ ወረደ። ሲያነሱት ይወርዳል፣ ሲያነሱት ይወርዳል። ቀለሙ ፀጉሯን እንዳያቃጥለው በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች፤ በደብረ ማርቆስ ብርድ፣ በጥር! ሚዜዎቿ እየተንጫጩ፣ እሷ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ወጣች። "ሠርጌ ላይ ባስነጥስ በእናንተ ነው" ብላ የተሳደበችው ስድብ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ብለን የገዛነው ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ሸተተ፤ ሳልቫቪታው እኛ ገጠር ለክርስትና በሄድንበት ወርዶ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው። መሠረት ልጇን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው፤ ባሏ ሩቅ አገር ነው የሚሠራው። ደንበኛ ደግሞ እርጥብ ፀጉሩን በነጠላ ሸፍኖ ከሄደ አይመለስም። ስለዚህ ብትናደድ አልፈርድባትም።

ለፋሲካ የሚሠራው የፀጉር ብዛት ደግሞ መቼም የታወቀ ነው። በዚሁ ሳምንት ማክሰኞ ዕለት መሠረት አንድ ደሳለኝ የሚባል የኮረንቲ ሠራተኛ ጠራች። ፈጣን ሰው ነው፤ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሐል ይዞ እያወራ ይሠራል። ትንሹን ብሬከር አውጥቶ በቦታው ትልቅ ከተተ። ሳልቫቪታውንም ነቅሎ ሽቦዎቹን ቀጥታ አገናኛቸው። እኔ በርጩማዬን ይዤ አጠገቡ ተቀምጫለሁ።

"ሽቦውንስ ቀየርከው?" አልኩት።

"ሽቦው ደህና ነው፣ እማማ።"

"አየኸው?"

"ግድግዳ ውስጥ ያለ ሽቦ እንዴት ይታያል፣ እማማ?" ብሎ ሳቀ። "አይስጉ። ከእንግዲህ ንቅንቅ አይልም። ፋሲካን በሰላም ያውላችኋል።"

መሠረት አመስግና ሸኘችው። እውነትም ከዚያ ወዲህ ብሬከሩ አልወረደም። ካስኮቹ ይጮሃሉ፣ ማሞቂያው ይፈላል፣ ፍሪጁ ይንቀጠቀጣል፤ አምፖሉ ፈዘዝ አይል። ቤቱ ሁሉ ደስ ብሎታል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሲወርድ የነበረው ብሬከር በሆነ ባልሆነው እንደሚጮህ ውሻ ነው፤ ይረብሻል፣ ያሳፍራል፣ እንግዳ ያስደነግጣል። የማይጮህ ውሻ ሲያመጡልኝ ግን "ሌባውስ?" ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ይህን ጠባይ ያወረሰኝ ያ ዘመን ነው።

አይ ጊዜ! ያኔ እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ሱሪው ከጉልበት በታች የሚንቦረቀቅበት፣ ወንዱም ሴቱም ፀጉሩን አጎፍሮ ማበጠሪያ የሚሰካበት ዘመን። ጫማው ታኮ ካልሆነ ሰው ተራመደ አይባልም፤ በማርቆስ ጭቃ በዚያ ታኮ የወደቀውን ጎረምሳ ቤቱ ይቁጠረው። ሱሪ ማስፋት በስሙኒ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ፋሽኑ ሲገለበጥ ያንኑ ሱሪ ማስጠበብም በስሙኒ። ከአውቶቡስ ተራ ወደ ላይ ስትወጡ ጥግ ላይ አንድ ቡና ቤት ነበረ፤ ሬዲዮኑን በመስኮት ወደ ውጭ አዙሮ ስለሚያስቀምጠው ዘፈን ለመስማት የሚፈልግ ሁሉ ግድግዳው ሥር ይቆማል። ሻይ ሳይጠጡ ለመስማት ሲሉ ጫማቸውን የሚያስጠርጉ መስለው የሚቆሙ ነበሩ፤ አንዱ ባለቤቴ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። መብራት ያለበት ግቢ በጣት ይቆጠራል። ከጉንደ ወይንና ከመርጡለ ማርያም ለጉዳይ የሚመጡ ዘመዶቻችን አምፖሉን ከታች ሆነው እያዩ አንገታቸው እስኪያማቸው ይደነቁ ነበር። ዛሬ የእኔ ማህሌት ስልክ ላይ በጣቷ ዓለሙን ስታገላብጥ ሳይ እነሱ ትዝ ይሉኛል።

እኛ የተከራየነው ከእትዬ የውብዳር ግቢ ነበር። እትዬ የውብዳር ጾሟን የማትገድፍ፣ ሰንበቴዋን የማታስታጉል፣ ቁጡ ሴት ነበረች፤ ባሏ ጋሽ አለምነህ ደግሞ ጡረታ የወጣ ወታደር ነበር። ሦስት ክፍሎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተደርድረዋል፤ ጭቃ ግድግዳ፣ በውስጥ ጋዜጣ የተለጠፈበት፣ ከላይ የአቡጀዴ ኮርኒስ። አንዱ ውስጥ እኔና ባለቤቴ ነን። መካከለኛው የጋሽ አለምነህ እህልና ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ጥጉ ላይ ጥላሁን የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ከጥላሁን ግድግዳ ጀርባ የእትዬ የውብዳር ማድ ቤት አለ። ለዚህ ሁሉ ቤት ያለው አንድ ቆጣሪ ነው፣ በጋሽ አለምነህ በረንዳ ላይ፤ ከሥሩ ቫልቮላ። ቫልቮላ ለማታውቁት፣ የሸክላ መያዣ ናት፤ መሐሏ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ተወጥራባታለች። ኮረንቲው ሲበዛ ያቺ ቀጭን ሽቦ ቀልጣ ትበጠሳለች፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ቤቱ ይተርፋል። የዛሬው ብሬከር ሥራው ያው ነው፤ ልዩነቱ ቫልቮላ አንዴ ከተበጠሰች በጣት ተጭኖ የሚነሳ ነገር የላትም። አዲስ ሽቦ መግዛት አለ፣ እሱም በየሱቁ አይገኝም።

ጋሽ አለምነህ ግን መላ አያጣም ነበር። ከአሮጌ ገመድ ውስጥ አንድ ዘለላ ሽቦ ይመዝና ያቺን ቀጭኗን ይተካታል። ያም ሲበጠስ ሁለት ዘለላ ያደርጋል። ቫልቮላዋን መልሶ ገፍቶ ሲከታትና መብራቱ ሲበራ፣ በረንዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ "አሁን ወንድ ሆነ!" ይላል። እኛ ተከራዮቹ እናጨበጭባለን። ሌላው ግቢ ሲጨልም የእኛ ስለማይጨልም ኮርተናል፤ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ "መብራት የማይሄድበት ግቢ የእናንተ አይደል?" ይለን ነበር።

ልጃቸው ከአዲስ አበባ የኮረንቲ ምድጃ የላከላቸው በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። እትዬ የውብዳር ለዚያ ምድጃ ያላት ፍቅር! በነጭ ጨርቅ ትሸፍነዋለች፤ ጎረቤት ጠርታ እሳት ሳይኖር ውሃ ሲፈላ ታሳያለች። የምድጃው ሽቦ ከቆጣሪው ተነስቶ በክፍሎቻችን ኮርኒስ ሥር አልፎ በጥላሁን ግድግዳ ውስጥ ነው ወደ ማድ ቤቱ የሚገባው። ጥላሁንም የኮረንቲ ካውያ ነበረው። ምድጃውና ካውያው አንድ ላይ ሲነሱ ቫልቮላዋ አልቻለችም። ጋሽ አለምነህ ሦስት ዘለላ አደረገ፤ አልበቃም። በመጨረሻ ከወፍራም ገመድ የመዘዘውን እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ ከተተባት። "አሁን ወንድ ሆነ!" አለ። ከዚያ ወዲያ ቫልቮላዋ ተበጥሳ አታውቅም።

ሁዳዴው እኩል ሲሆን ሽታው ጀመረ። ዓሣ። ቅልጥ ያለ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ፣ መጥቶ የሚሄድ። እኔ መሠረትን አርግዤ ነበርና ሁሉ ነገር ይሸተኛል፤ ይህን ግን ሁሉም ሰው አሸተተው። አንድ ቀን እትዬ የውብዳር ምድጃዋ ላይ ምስር ጥዳ ከማድ ቤት ስትወጣ ቆመች፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ የጥላሁንን በር ደበደበች።

"ጥላሁን! ምን እየጠበስክ ነው?"

"ኧረ ምንም፣ እትዬ። ጨርቅ እየተኮስኩ ነው" አለ፣ ካውያውን እንደያዘ ብቅ ብሎ።

"ጨርቅ ነው ዓሣ ዓሣ የሚሸተው?"

"እትዬ፣ ድስቴ ያውልዎት፤ የትናንት ሽሮ ነው ያለበት። ይግቡና ይዩት።"

"በሁዳዴ! በእኔ ግቢ! ለነገሩ አንተ የሐይቅ ዳር ሰው ነህ፤ እናንተ ዘንድ ዓሣ ከጎመን አይለይም አሉ!"

ጥላሁን የባሕር ዳር ልጅ ነበር፤ ለእትዬ የውብዳር ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። እኔ ጣልቃ ገብቼ "እትዬ፣ ሽሮውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ይህ ሰው ዓሣ አልገዛም" ብላት፣ "አንቺ ልጅ፣ ያረገዘ ሰው አፍንጫ አይታመንም" ብላ ዝም አሰኘችኝ። እኔ ስለ አፍንጫ መች አወራሁ? የነፍስ አባቷን አስመጥታ ግቢውን ጠበል አስረጨች። የጥላሁንን በር ሁለት ጊዜ ረጩት። እሱ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ መለኪያ ሜትሩን ባንገቱ እንዳደረገ፣ ውሃው ፊቱ ላይ ሲያርፍ እንኳ አልጠረገውም። ከፋሲካ በኋላ ግቢውን እንዲለቅ ተነገረው።

ወሬ መቼ እግር ያንሰዋል? የሰፈሩ ልጆች "ዓሣው! ዓሣው!" ይሉት ጀመር። ጥላሁን ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ፀጉሩን ሲያበጥር ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ሰው ነበር። ቅዳሴ የማይቀረው ሰው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ። "እህቴ፣ ስገባ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ" አለኝ አንድ ቀን። ግን ሰው አይገርማችሁም? ስሙን ያጠፉት እነዚያው ሰዎች የልጆቻቸውን የፋሲካ ልብስ ለእሱ መስጠታቸውን አልተዉም። እንደሱ የሚሰፋ አልነበረማ! የወንዶቹ ቁምጣ፣ የሴቶቹ ሽንሽን ቀሚስ፣ በክፍሉ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ተሰቅሎ መቀመጫ አልነበረውም። እሱም በልቡ ፈርቶ ነበር። "ዓሣ በላ ብለውኛል። አንዲት ቁራጭ ብትጎድል ደግሞ ጨርቅ በላ ነው የሚሉኝ። እንዲህ ተብዬ ወደ እናቴ ቤት እንዴት እገባለሁ?" ይለኝ ነበር። ሌላ ጭንቀት አልነበረውም። ስሙን ይዞ መሄድ ብቻ ነበር የፈለገው።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። እትዬ የውብዳር የጉልባኑን ስንዴና ባቄላ በትልቁ ብረት ድስት ምድጃዋ ላይ ጥዳ፣ "እኔ እስክመለስ ይበስላል" ብላ ከጋሽ አለምነህ ጋር ለኅጽበተ እግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ባለቤቴ በመኪና ሥራው መንገድ ላይ ነው። ሰፈሩ ባዶ ሆነ። የቀረነው እኔ፣ እግሬ አብጦ መስገድ ያቃተኝ፣ እና በሩን ዘግቶ ቁልፍ የሚተክለው ጥላሁን። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳለ ያ ሽታ መጣ። እንደዚያ ቀን ሸትቶ አያውቅም፤ ጉሮሮ ይይዛል። ቀና ስል ከጥላሁን ክፍል ከክዳኑ ሥር ጭስ እንደ ፈትል ይወጣል።

"ጥላሁን! ኧረ ጥላሁን! እሳት!"

በሩን በርግዶ ወጣ፤ ክንዱ ላይ የታቀፈውን ያህል ልብስ ይዟል። እያሳለ አጠገቤ ቆመ። ወጥቷል እኮ! ከእኔ ጋር ግቢው መሐል ቆሟል፣ ሕያው ነው፣ ምንም አልነካውም። የታቀፈውን ልብስ አየና ወደ ቤቱ ዞረ።

"የቀሩት የልጆቹ" አለ።

"ተወው! በፈጠረህ ተወው! ይቃጠል!" ብዬ እጅጌውን ያዝኩት።

"ጨርቅ በላ አይሉኝም፣ እህቴ" አለና አስለቀቀኝ። የያዘውን ልብስ እግሬ ሥር አስቀምጦ ገባ። ኮርኒሱ አቡጀዴ ነው፣ ግድግዳው ጋዜጣ፣ ክፍሉ ሙሉ ጨርቅ። ከላይ አንድ ነገር ወረደ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእናንተም አልነግራችሁም።

እየጮህኩ ዞር ስል ያየሁትን ግን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ክፍላችን መስኮት ስላልነበረው ቀንም አምፖል እናበራለን። በራችን ክፍት ነበር። አምፖሏ እንደበራች ናት። በዚያው ጣሪያ ሥር ሰው እየነደደ፣ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየቀለጠ፣ የእኔ አምፖል ፈዘዝ እንኳ አላለችም። በማድ ቤቱም ጉልባኑ መፍላቱን አላቆመም ነበር። ያቺ የጥንቷ ቀጭን ሽቦ ብትኖር ገና በሁዳዴው መሐል ተበጥሳ፣ ጨልሞብን፣ ተነጫንጨን፣ ጥላሁን ዛሬ አያት በሆነ ነበር።

ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን በሩጫ ደረሰ፤ የእኛ ክፍልና የእትዬ የውብዳር ቤት ተረፈ። በማግሥቱ የመብራት ሰው መጣ። ቫልቮላዋን ነቅሎ ያንን ሹሩባ መዳፉ ላይ አደረገና ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ የተረፈውን ሽቦ መሸፈኛ አንስቶ አሸተተና "ይህ ነገር በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። ፕላስቲኩ ሲግል ቆይቷል። ሽታ አልነበረም? አንዳንዱ ሲግል ዓሣ ዓሣ ነው የሚለው" ብሎ ጠየቀን። ግቢው ሙሉ ሰው ነበር፣ የነፍስ አባቷም ነበሩ። እትዬ የውብዳር በቆመችበት ተንሸራታ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ አመዱ ላይ። ጋሽ አለምነህ ከዚያ ወዲህ የቆጣሪው አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር፤ "ወንድ ሆነ" የምትለዋን ቃልም ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ከእሳቱ የወጡትን ልብሶች እኔ ለየቤቱ አደረስኳቸው። ልጆቹ ግን አልለበሷቸውም። ማን እናት ታለብሳለች?

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው ዘንድሮ ማህሌት አልጋ ላይ የተቀመጥኩት። ሽታው ይመጣል፣ ይሄዳል። ራሴን እቆጣለሁ፦ "አንቺ አሮጊት፣ ልጅሽ ትሥራበት፤ ዕድሜ ልክሽን ዓሣ ስታሸቺ ትኖሪያለሽ?" እላለሁ። መልሼ ደግሞ አምፖሉን አያለሁ። በርቷል፤ ፈዘዝ አይልም። ወዲያ ማዶ ካስኮቹ ያጉረመርማሉ፣ ሴቶቹ ስለ ዶሮ ዋጋ ያወራሉ፤ የዛሬው የአንድ ዶሮ ዋጋ በዚያ ዘመን በግ ይነዳበት ነበር እያልኩ ልቤን ላዘናጋው ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ።

የፀጉር ቤቱ በር ሲከፈት ሰማሁ። አዲስ ደንበኛ ናት፤ ከአማኑኤል መምጣቷን፣ ታክሲው እንደዘገየባት ስትናገር ሰማሁ። ነጠላዋን ሳታወርድ ነው መሰለኝ፣ ድምጿ ተቀየረ።

"ውይ! ጎረቤታችሁ ማነው ባካችሁ፣ በጸሎተ ሐሙስ ዓሣ የሚጠብሰው?"

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። "እሷ ደግሞ እንደ እማማ!" አለች አንዷ። የመሠረትን ሳቅ ጠበቅኩ፤ አልሰማሁትም። ማህሌትን ከነብርድ ልብሷ አንስቼ ታቀፍኩና በበሩ ብቅ አልኩ። መሠረት ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ትልቁ መስታወት ሄዳ እጇን ከጀርባው፣ በግድግዳውና በመስታወቱ መሐል ሰደደች። ወዲያው መልሳ ነጠቀችው።

"ውጡ" አለች፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። ሴቶቹ ግራ ገብቷቸው ሲያዩዋት "ውጡ! በእመቤቴ፣ እንዳላችሁ ውጡ!" ብላ ጮኸች።

ወደ ሳጥኗ ሮጠች። ትልቁ ብሬከር ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነበር፤ በራሱ ያልወረደውን እሷ በእጇ አወረደችው። ካስኮቹ ዝም አሉ። በዝምታው ውስጥ ከግድግዳው ድምፅ ሰማን፣ የደረቀ ቅጠል በቀስታ እንደመርገጥ ያለ። በመስታወቱ አናት ላይ ጭስ እንደ ፈትል ብቅ አለ።

ሴቶቹ ቢጎዲናቸው እንዳለ መንገድ ላይ ቆመዋል። ሰፈሩ አካፋና አሸዋ ይዞ ገብቷል፤ ግድግዳውን ሲያፈርሱት እስከ መንገዱ ይሰማል። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ማህሌትን ታቅፌያለሁ፤ ነቅታለች፣ ሰው ስለበዛላት ደስ ብሏት ታጨበጭባለች። መሠረት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የተለበለበ ጣቷን በምራቋ አረጠበች። ከዚያ ጉልበቴን ያዘችኝ።

"እማዬ፣ ያ ሰው... ስሙ ማን ነበር?"

"ጥላሁን" አልኳት። "ጥላሁን ነበር ስሙ።"